«ካርድ አወጣችሁ?» ማለት ይበቃል

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ ሕዝበ ውሳኔ ሲሰጡ ውጤቱ ያስገረመው ሰው ብዙ አልነበረም። ከ1 ሚሊዮን 262 ሺህ በላይ መራጭ አዲስ ክልል ይመሥረት አለ፤ በደቡብ ክልል እንቆይ ያለው 24 ሺህ ገደማ ነበር። ብዙም ያልተወራለት ሦስተኛው ቁጥር ነው፤ ወደ 58 ሺህ የሚጠጋ ድምፅ ዋጋ አልባ ሆነ። «እንቆይ» ካለው ከእጥፍ የሚበልጥ ሰው ተመዝግቦ፣ ተሰልፎ፣ ወረቀቱን ኮሮጆ ውስጥ ከትቶ ሳይቆጠርለት ቀረ ማለት ነው። ከፊሉ ሆን ብሎ ያበላሸ ሊሆን ይችላል። ሁለት አማራጭ ብቻ ባለበት ወረቀት ላይ ይህን ያህል መበላሸቱ ግን ባመዛኙ ምልክት አደራረጉን ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል።

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ዘመድ ኖሮን በውጭ የምንኖር ሰዎች ግን በምርጫ ሰሞን ስልክ የምናነሳው እነማን መመረጥ እንዳለባቸው ለመንገር ነው። ልፋቱ ያለቦታው ነው። በሕጉ እኛ መራጮች አይደለንም፤ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ዕድሜው 18 የሞላ፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ ይላል። ዜግነቱን ቀይሮ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) የያዘውንማ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ከመምረጥም ከመመረጥም አግዶታል። ፓስፖርቱን ያልቀየረውም ቢሆን በኤምባሲ ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት የለውም። ለተማሪ፣ ለወታደርና ለተፈናቃይ ልዩ ምርጫ ጣቢያ የፈቀደ ሕግ በውጭ ያለውን ዜጋ መዝለሉ ቅር ቢያሰኝ አይፈረድም፤ ጥያቄውም ሊቀርብ ይገባል። እስከዚያው ልናግዝ የምንችለው ምዝገባውና ምልክት አደራረጉ ላይ ነው።

ምዝገባ ቀላል ይመስላል እንጂ በቡና አገር ሰው የሚያመልጠው እዚያ ላይ ነው። ለለቀማ ወደ በበቃና ወደ ቴፒ እርሻዎች የሚመጣው የቀን ሠራተኛ በመጣበት ቦታ 6 ወር ካልሞላው እዚያ መመዝገብ አይችልም፤ የትውልድ ቀበሌው ምዝገባ ደግሞ እሱ በሌለበት ያልፋል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግቢ ይመዝገብ ወይስ ቤተሰቡ ጋ፣ አስቀድሞ ካልጠየቀ ሁለቱም ያመልጡታል። መታወቂያ የሌላቸው እማማ በሰው ምስክርነት መመዝገብ እንደሚችሉ የሚነግራቸው ከሌለ ከቤት አይወጡም። የተሰጣቸውን የመራጭነት ካርድ እስከ ድምፅ መስጫው ቀን በጥንቃቄ ማስቀመጥ፣ ወረቀቱ ላይ በተፈቀደው ቦታ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ማኖር፣ ስምም ሆነ ሌላ ጽሑፍ አለመጻፍ፤ ይህ ሁሉ በአንድ የስልክ ጥሪ የሚያልቅ ምክር ነው።

«አሸናፊው የታወቀ ነው፣ ምን ያደርግላቸዋል?» የሚለውን ተቃውሞ አላቃልለውም። በ2013ቱ ምርጫ መጀመሪያ ውጤት ከተገለጸላቸው 436 የፓርላማ መቀመጫዎች 410ሩን ገዢው ፓርቲ ወስዷል፤ የመራጮች መዝገብ መሙላቱ ብቻውን ፉክክር አይፈጥርም። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 የፌዴራል ሕግን ተከትሎ መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የማስተዳደር ሥልጣን የሰጠው ለክልል ነው። የይዞታ ደብተርና የሸካ ደን ጉዳይ የሚወሰነው ከአዲስ አበባ ይልቅ በቅርብ ባለው ምክር ቤትና አስተዳደር ነው። ስሙ መዝገብ ላይ የሌለ ገበሬ እነዚህን ሰዎች በድምፁ ሊቀጣም ሊሸልምም አይችልም።

ሌላው ተቃውሞ «ገንዘብ የምንልክ እኛ፣ ሐሳባችንን መናገር ደግሞ ተከለከልን?» የሚል ነው። አልተከለከልንም። ግን በየወሩ ብር የሚጠብቅ ታናሽ ወንድም የወንድም ጋሼን ምክር እንደ ምክር ብቻ አይሰማውም፤ ምስጢር የሆነውን ድምፁን በስልክ እንዲያስረዳ የተጠየቀ ያህል ነው። «ካርድ አወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ይህ ጣጣ የለበትም። የሚጠየቀውም ምዝገባው ሳይዘጋ፣ ከዚያም የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ይፋ በሚሆንበት ሰሞን ነው፤ ስሙ የተዘለለ ወይም የተሳሳተ ሰው አቤት ሊል የሚችለው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ነውና።