ንጽሕናችንን የሚተነፍሰው ማነው?

ፈተናው፣ የምግብ ቤቱ ወጥ፣ የአገሩ ጣጣ ሁሉ ሳያልቅ ስለ በረኪና መጻፍ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው የሚሉን ጓደኞች እንደሚኖሩ አስቀድመን እናውቃለን። እኛም ራሳችን ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ኖሮ እንደዚሁ እንል ነበር። ነገሩ ቁም ነገር መሆኑን ያስተማሩን መጸዳጃ ቤታችንን የሚያጸዱልን እናት ናቸው፤ ያስተማሩንም በቃል ሳይሆን በሳል ነው።

ከምናድርባቸው ሕንፃዎች በአንደኛው ውሃ ከተቋረጠ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ወጣት የሚመላለስበት መጸዳጃ ቤት ምን እንደሚመስል ለእናንተ መግለጽ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። እትዬ (ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጠራቸው) በጧት መጡና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ገቡ። መጀመሪያ በረኪናውን ሳያቀጥኑ አፈሰሱ፤ እድፉ አልለቅ ቢላቸው ደግሞ የሸክላውን ዝገት የሚያስለቅቀውን አሲድ ጨመሩበት። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ዓይናቸው እንባ እያፈሰሰ፣ ደረታቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከመካከላችን አንዱ «ምነው እትዬ፣ ይህን ያህል ለምን ያፈሱበታል?» ቢላቸው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «ልጆቼ፣ ሽታው አፍንጫችሁን ካልመታው አልጸዳም እያላችሁ ለኃላፊዬ ትናገሩብኝ የለ?» አሉን።

መልስ አልነበረንም፤ በእርግጥም ተናግረንባቸው ነበርና።

እንግዲህ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሆነውን የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን በአንድ መስመር ይጽፉታል። በረኪና ማለት በውሃ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ለቤት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በመቶ 5 አካባቢ ነው። ይህ ነገር ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ወጥቶ በመስኮት አይሄድም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። ወለሉ ላይ አጎንብሶ የሚፈትገው ደግሞ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ጋዙ በዓይንና በሳንባ ርጥበት ውስጥ ሲገባ ተመልሶ አሲድ ይሆናል፤ እንባውም ሳሉም ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ ጋዝ በታሪክም የታወቀ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር ቤልጅግ ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ አጠገብ ጀርመኖች በጠላት ምሽግ ላይ የለቀቁት ይኸው ክሎሪን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ሥፍራ የተለቀቀው ሌላው መርዝ በከተማይቱ ስም «ኢፕሪት» ተባለ፤ እርሱም በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት አውሮፕላኖች በአባቶቻችን ላይ ያዘነቡት ነው። ሁለቱ መርዞች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ እናደበላልቃቸውም አንልም። ነገር ግን በጦር ሜዳ ቢለቀቅ መንግሥታት በውል የከለከሉትን ጋዝ በመጸዳጃ ቤታችን በባልዲ እያዘጋጀን፣ ጭምብል የሌላት አንዲት ሴት ብቻዋን እንድትተነፍሰው ማድረጋችን ሊያሳፍረን ይገባል። (በረኪና የሚለው ቃልም ቢሆን «ቫሬኪና» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው፤ ቃሉን ስንወርስ ጥንቃቄውን አልወረስንም።)

አሲዱ ባይኖርም እንኳ ነገሩ አይቀርም። ሽንት ሲቆይ በውስጡ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ በረኪና በአሞኒያ ላይ ሲፈስ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። ውሃ በጠፋ ቁጥር፣ ወይም ውሃው እያለ ባልዲ አንስተን ማፍሰስ በሰነፍን ቁጥር፣ ለእትዬ የምናጠራቅምላቸው ይህንን ነው።

አንድ ቀን ማሳልና ማንባት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ ጥናት አውጥተዋል፤ ከ6,000 በላይ የሆኑ ሰዎችን ለ20 ዓመት ያህል ተከታትለው የሳንባቸውን ጉልበት የለኩበት ነው። የጽዳት ሥራ የሚሠሩ ሴቶች፣ ደግሞም የራሳቸውን ቤት የሚያጸዱ ሴቶች፣ ከማያጸዱት ይልቅ የሳንባቸው ጉልበት ቶሎ ቶሎ እየቀነሰ እንደሚሄድ ተገኘ። ያ ጥናት የተደረገው መስኮት በሚከፈትበት፣ ጓንትም በማይጠፋበት አገር መሆኑን እናስታውስ። የእኛዎቹ እናቶች በኤጀንሲ ተቀጥረው፣ ጓንቱ ሲቀደድ በፌስታል ተክተው ነው የሚሠሩት።

ታዲያ በምን እናጽዳ? ይህን ጥያቄ ለእናቶቻችን ብናቀርበው ይስቁብናል። ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ የሚያጥኑ፣ ድስቱን በአመድ የሚፈትጉ፣ ነጠላውን በእንዶድ አረፋ የሚያነጡ ሰዎች «በረኪና ከሌለ ንጽሕና የለም» የሚለውን ነገር ከእኛ ከተማሩት ነው የሚሰሙት። እንዶድ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ታሪኩ ከዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነውና። በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ሊቅ አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ የብልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁመው ምርምሩን ቀጠሉ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቱቦ በሚደፍኑ ዛጎል ለበስ ፍጥረቶች ላይ ለመጠቀም የባለቤትነት መብት አወጣበት። እኛ ያቃለልነውን ሌላው በወረቀት አስከበረው።

ነገር ግን ከዚህ ታሪክ አንድ ጓደኛችን «የተፈጥሮ የሆነ ነገር ሁሉ አይጎዳም» የሚል ድምዳሜ አውጥቶ ነበር፤ በዚህ አንስማማም። ያ ወንዝ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ከሆነ ዓሣውንም ይገድላል፤ ሰውም ቢውጠው ይጎዳዋል። የአመድ ውሃ ሲጠነክር ቆዳ ያቃጥላል። ሎሚና አቼቶ በራሳቸው ደኅና ማጽጃዎች ናቸው፣ የማንቆርቆሪያውንና የቧንቧውን ነጭ ቅርፊት በሚገባ ያስለቅቃሉ፤ በረኪና ላይ ሲጨመሩ ግን አሲድ ናቸውና ያንኑ ጋዝ ያወጣሉ። ስለዚህ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ቅጠል የተሳለበትንና «ተፈጥሯዊ» የተባለውን ጠርሙስ በውድ ገዝቶ ሕሊናን ማሳረፍ አይበቃም። የምንጠይቀው ከየት መጣ ብለን ሳይሆን ምን አለበት፣ ስንት ይበቃል፣ ከምን ጋር አይገናኝም ብለን ነው።

በረኪናም ቢሆን ከነጭራሹ ይጣል አላልንም። ኮሌራ በገባበት ቦታ በረኪናን የሚንቅ ሰው ሞኝ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባም ጥቅሙን አይተናል፤ ሆኖም ያን ጊዜ እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት ለወለልና ለጠረጴዛ ይበቃል ያለው በመቶ 0.1 ነበር። ይኸውም በመቶ 5 ከሆነው በረኪና አንድ እጅ ለ49 እጅ ውሃ ማለት ነው። እኛ ግን ከዚያ ዘመን የወረስነው ልኩን ሳይሆን ሽታውን ነው። ደግሞም በቆሻሻ ላይ የሚፈስ በረኪና ጉልበቱን በቆሻሻው ላይ ጨርሶ ለተሕዋስያኑ ሳይደርስ ይቀራል። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ካልተፈተገ፣ ጠርሙሱን ሙሉ ብናፈስም ያተረፍነው ሳል ብቻ ነው። ሳሙና፣ ብሩሽና የሰው ክንድ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳሉ፤ ለቀረው ጥቂት ቦታ ጥቂት በረኪና ይበቃል። ይህ መንገድ ገንዘብም ሳይቆጥብ አይቀርም፤ የግዢ ክፍሉን የሚያባብለው ምናልባት ይህ ይሆናል።

ስለ ጠርሙሱም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በየሰፈራችን በረኪና በመጠጥ ውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ፣ ስም ሳይጻፍበት ይሸጣል፤ በየቤታችንም ከውሃው ጎን ይቀመጣል። ሕፃን ልጅ የተጠማ ጊዜ ጠርሙሱን እንጂ ስሙን አይመረምርም። ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ እናቶቻችንንና ቤት ውስጥ የሚሠሩትን እህቶቻችንን ስለ ክሎሪን ከማስተማራችን በፊት፣ እነዚያን ጠርሙሶች አንስተን ስም ብንጽፍባቸውና ከፍ አድርገን ብናስቀምጣቸው ይበልጥ እንጠቅማለን።

ለአስተዳደሩ የምናቀርበው ጥያቄ ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። አሲዱና በረኪናው በአንድ ዕቃ ቤት አይቀመጡ፤ ለአንድ ሥራም አብረው አይሰጡ። ለእያንዳንዷ የጽዳት ሠራተኛ መለኪያ ኩባያ፣ ጠንካራ ብሩሽ፣ በቂ ሳሙናና የማይቀደድ ጓንት ይሰጥ፤ የቀጠራቸው ኤጀንሲ ነው በሚል ሰበብ አይታለፍ። የተበየዱት የመጸዳጃ ቤት መስኮቶች ይከፈቱ። ሌባ ይገባል ከተባለም ብረት ይሠራላቸው እንጂ አየሩ አይታሰር። ውሃ በሚቋረጥበት ቀን ደግሞ በየፎቁ በርሜል ይሞላ።

በእኛ በኩል የሚቀረው ከዚህ ይከብዳል። በርሜሉ ሲሞላ ባልዲ አንስተን እያፈሰስን እንድንወጣ፣ «አልሸተተንም» ብለን በማንም ሠራተኛ ላይ ክስ እንዳናቀርብ፣ በየፎቁ ሁለት ሁለት ተማሪዎች በተራ ይህን እንዲከታተሉ በሚመጣው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሐሳብ እናቀርባለን። እትዬ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ ሳሉም አልለቀቃቸውም። ሐኪም ዘንድ ሂዱ ብንላቸው፣ የቀሩበት ቀን ከደመወዛቸው እንደሚቆረጥ ነገሩን። በስብሰባው ዕለት በመግቢያው በር ላይ ቆርቆሮ ይዘን እንቆማለን፤ ለሕክምናቸውና ከሥራ ለሚቀሩበት ቀን የሚሆን ገንዘብ ነው የምንሰበስበው።