ድርቆሽ እስከ መቼ በእስር ቁጥር ይሸጣል?

ቡና በደረጃ ይሸጣል። በአምቦና በጊንጪ መስመር ያለው ድርቆሽ ግን ብዙውን ጊዜ ዋጋው የሚቆረጠው በእስር ቁጥር ነው። ይህ አሠራር ታታሪውን ገበሬ እየቀጣ ይገኛል።

ሣር ማበብ ሲጀምር ቢታጨድ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን የመስከረም ዝናብ ያሰጋዋል፣ የእስሩም ቁጥር ያንሳል። እስከ ኅዳር የቆየው ብዙ እስር ይወጣዋል፤ አገዳው ግን ይጠነክራል። ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ በታች የወረደ ድርቆሽ ከብቱ እንደሚገባው አይፈጨውም። ጉድለቱን ወተት አምራቹ በፋጉሎና በፉርሽካ ይሞላል። ርካሽ የመሰለው እስር ውድ ሆነ ማለት ነው።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳዩት፣ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት በማይችልበት ገበያ ጥሩው ዕቃ ይሸሻል።

አንዱ መፍትሔ የድርቆሽ ጥራት ውድድር ነው። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት በሚካሄደው የመኖ ውድድር ናሙናው በላቦራቶሪም በዳኛ ዓይንም ይመዘናል። በምዕራብ ሸዋም ለምርመራው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ለዳኝነቱ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ናቸው። ወጪውን ግን መንግሥት ሳይሆን ነጋዴውና ወተት አምራቹ ሊሸፍኑት ይገባል፤ ተጠቃሚዎቹ እነርሱ ናቸውና። ናሙናውንም ገበሬው መርጦ ሳያመጣ ዳኛው ራሱ ከክምሩ ይምዘዝ።

ሽልማቱ ዋንጫ ብቻ ከሆነ ከፎቶግራፍ አያልፍም። አሸናፊው በኪሎና በደረጃ ዋጋ የተቆረጠለት የሽያጭ ውል ይዞ ይመለስ። ያን ጊዜ ጎረቤቱም ማጭዱን ቀደም ብሎ ይስላል።