ስለማይታመኑ የሳንቲም ደረጃ ሰጪዎች ከሰብሳቢዎች ማኅበር የተሰጠ የአቋም መግለጫ

ማኅበራችን ሳንቲም የሚሰበስቡ፣ የሚያጠኑና የሚነግዱ ሰዎችን ያቀፈ ነው። በአገር ቤትም በውጭም ያሉ አባሎቻችን የምኒልክን ብር ወይም የአክሱምን ሳንቲም በፕላስቲክ ታሽጎና የደረጃ ቁጥር ተለጥፎበት ሲገዙ፣ ቁጥሩን ማን እንደሰጠው የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ከከፈሉ በኋላ ነው። ይህ መግለጫ የወጣው ጥያቄው ከክፍያው እንዲቀድም ነው። አቋማችን አጭር ነው፦ ደረጃ የባለሙያ አስተያየት ነው፤ ለሰጠው አስተያየት በስሙና በገንዘቡ የማይጠየቅ ድርጅት ያወጣውን ደረጃ ማኅበራችን አይቀበልም።

ከ1 እስከ 70 የሚደርሰውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ዊሊያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ የታሰበውም ለጥንታዊ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ብቻ ነበር። ዛሬ ከ60 ጀምሮ ያሉት ቁጥሮች በግብይት ላልዋለ ሳንቲም ይሰጣሉ። በዚህ እርከን የአንድና የሁለት ነጥብ ልዩነት ዋጋን በብዙ እጥፍ ሊያንር ይችላል፤ አጭበርባሪው የሚያነጣጥረውም እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ፒሲጂኤስ፣ በዓመቱ ደግሞ ኤንጂሲ የተባሉት ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ሥራ ሲጀምሩ ያመጡት ዋና ለውጥ ፕላስቲኩ አልነበረም፤ ዋስትናው ነበር። ሳንቲሙ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ወይም ከሚገባው በላይ ደረጃ ከተሰጠው ድርጅቱ ኪሳራውን ይሸፍናል። እነሱም ቢሆኑ ከወቀሳ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ፒሲጂኤስን ስለ ደረጃ አሰጣጡ ወጥነትና ገለልተኝነት በማስታወቂያው አጋኗል ብሎ ከሶት ጉዳዩ በስምምነት አልቋል። ትልቁ ድርጅት ይህን ያህል ከተጠየቀ፣ አድራሻው የማይታወቀው ምን ያህል ሊጠየቅ እንደሚገባ አንባቢ ይፍረድ።

የማይታመነው ድርጅት አሠራር ውስብስብ አይደለም። ብዙ ጊዜ ደረጃ ሰጪውና ሻጩ አንድ ሰው ነው። የራሱን ሳንቲም ራሱ ያሽጋል፣ ራሱ 67 ይለዋል፣ ከዚያም የታወቁት ድርጅቶች 67 ላሉት ሳንቲም በዋጋ መዘርዝር ላይ የሰፈረውን ገንዘብ ይጠይቃል። ስሙን በሦስትና በአራት ፊደላት አሳጥሮ ከታወቁት ጋር ያመሳስላል። ሳንቲሙ መታጠቡን፣ መቦረሹን ወይም መጠገኑን መለያ ወረቀቱ ላይ አይጽፍም። ዋስትና ሲጠየቅ ይጠፋል፤ ሲመለስ በሌላ ስም ይመጣል። የድርጅቶችን ስም ዝርዝር ያላወጣነውም ለዚህ ነው፤ ዝርዝሩ ታትሞ ሳያልቅ ያረጃል።

ጉዳዩ በእኛ ሳንቲሞች ላይ ሲደርስ ይብሳል። ፓሪስ የተመታውና 1887 ዓ.ም. የሚለው የምኒልክ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአንድ ሺህ እጅ 835ቱ ጥሩ ብር ነው። ከእነዚህ ብሮች ብዙዎቹ በአንጥረኛ እጅ አልፈዋል፤ ማንጠልጠያ ተበይዶባቸው በአንገት ላይ ውለዋል፣ ኋላም ብየዳው ተፍቆ ጠርዛቸው ተስተካክሏል። ሌሎቹ እንዲያበሩ በአመድና በሎሚ ተፈትገዋል። ተፈትጎ ያበራ ሳንቲም ላላወቀው ሰው አዲስ ይመስላል፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ ግን ጭረቱ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ ይታያል። የታመነ ደረጃ ሰጪ ይህን ሲያይ ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጦ ጉዳቱን ይጽፋል፣ ቁጥሩን ግን ይከለክላል። ሌላው 64 ብሎ ያሽገዋል።

በጠገራ ብር ላይ ደግሞ ማታለያው ዓመተ ምሕረቱ ነው። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ እቴጌይቱ የሞተችበትን 1780 ይዞ ለሁለት ምዕተ ዓመት ያህል ሲመታ ኖሯል፤ በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ጭምር። መለያው ላይ «1780» ብሎ መጻፍ ስለ ዕድሜው የሚነግረን ነገር የለም። የትና መቼ እንደተመታ በጌጡና በፊደላቱ ዝርዝር መለየት ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ሰው የትናንቱን ጠገራ በጥንቱ ዋጋ እያሸጠ ነው።

ከንጉሥ ኢንዱቢስ ዘመን የሚጀምሩት የአክሱም ሳንቲሞች ከሁሉም በላይ ዕውቀት ይፈልጋሉ። አክሱማውያን በብርና በነሐስ ሳንቲም ላይ ከንጉሡ ራስ ጀርባ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ ያስገቡ ነበር። ይህን የማያውቅ ደረጃ ሰጪ እውነተኛውን ጌጥ ኋላ የተቀባ ነው ሊለው፣ ኋላ የተቀባውንም እውነተኛ ሊለው ይችላል። ከዚህም ሌላ የጥንት ሳንቲም ቅርስ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የትኛውም ማሸጊያ፣ የታመነውም ቢሆን፣ የወጣበትን መንገድ ሕጋዊ አያደርገውም።

የታወቁት ድርጅቶች ማሸጊያ ራሱ ተመሳስሎ እንደሚሠራም እናስታውሳለን። አስመሳዮቹ ከእውነተኛ ሳንቲም ላይ የተገለበጠ የምዝገባ ቁጥር ስለሚጠቀሙ፣ ቁጥሩ መዝገብ ውስጥ መገኘቱ ብቻውን አይበቃም፤ ፎቶ ካለ ጭረት ከጭረት፣ ነጠብጣብ ከነጠብጣብ ማመሳከር ያስፈልጋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣችውን የቅጂ ሳንቲሞች ሕግ በ2014 አሻሽላ ሐሰተኛ የማረጋገጫ ምልክትን እንዲሸፍን አድርጋለች። እኛም አገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የጎደለው በሳንቲም ጉዳይ አዋጁን ይዞ የሚከስ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ከዛሬ ጀምሮ በሚያዘጋጃቸው ሽያጮችና ዐውደ ርዕዮች ዋስትናውን በጽሑፍ ባላስታወቀ፣ ባለቤትነቱ በማይታወቅ ወይም የራሱን ሸቀጥ በሚያሽግ ድርጅት የወጣ ደረጃ አይጠቀስም። ሳንቲሙ መቅረብ ይችላል፤ ነገር ግን ደረጃ እንዳልተሰጠው ሳንቲም ታይቶና ተመዝኖ ነው። ነጋዴ አባሎቻችን የሚያውቁትን ጉዳት ለገዢ በጽሑፍ የመግለጽ፣ ሳንቲሙ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘም ጊዜ ሳይቆጥሩ ገንዘቡን የመመለስ ግዴታ አለባቸው። ይህን የጣሰ አባል ይሰናበታል።

በእንዲህ ዓይነት ድርጅት ማሸጊያ ሳንቲም የገዛችሁ ካላችሁ ሰብራችሁ አታውጡት። በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሱት፣ ደረሰኙንና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን አስቀምጡ፣ ከዚያም ለማኅበሩ የምርመራ ኮሚቴ አሳዩ። የደረሰባችሁን ኪሳራ ለማካካስ ብላችሁ በዚያው መለያ ለሌላ ሰው አትሽጡት።