ማባረር ሌላ፣ መቀነስ ሌላ

«ሌይ ኦፍ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግስ «ማባረር» ብለው የሚተረጉሙ ሰዎች አሉ። በጋዜጣም በቢሮም እናያቸዋለን። ስህተቱን ብትነግሯቸው «ያው አይደል! ሰውየው ከሥራው ወጥቷል» ይሏችኋል። ያው አይደለም!

በአማርኛችን የሚባረር ጅብ ነው፤ ሌባ ነው። እንግሊዝኛውም ያጠፋውን ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ «ፋየር» በሚል ሌላ ግስ ይለየዋል። «ሌይ ኦፍ» በቀድሞ አጠቃቀሙ ሥራ እስኪገኝ ድረስ ሠራተኛን ለጊዜው ማሳረፍ ነበር፤ ዛሬ ለዘለቄታውም ይነገራል። ያም ሆኖ የጠፋው ሥራው ነው እንጂ ሠራተኛው አላጠፋም።

ኮምቦልቻ ልብስ ትሰፋ የነበረች አንዲት የቢስቲማ ልጅ አውቃለሁ። ትእዛዝ ሲቀንስ ደብዳቤ ሰጧት፤ በእንግሊዝኛ። አለቃዋ «ተባረሻል ነው የሚለው» ብሎ አስረዳት። እሷም ቃሉን እንዳለ ይዛ አገሯ ገባች። ጎረቤት ሊጠይቃት መጣ። ቡናው ሳይፈላ አንዲት ሴት ወደ እናቷ ጠጋ ብላ፣ «እንዲያው ልጅቱ ምን አጥፍታ ነው?» አለች። እናት ምን ትመልስ?

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎአ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰች ልጅ ዋሽንግተንን ምን በደለች?

ሕጉ ቃሉን ለይቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሠራተኛ ቅነሳ» ይለዋል። በቅነሳ የሚወጣ ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል፤ ከሥራ ስንብት ክፍያው ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልለታል። ተባረርኩ ብሎ ያመነ ግን ይህን አይጠይቅም፤ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እንግዲህ ክፉ ትርጉም ስም ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ይበላል።

«ቅነሳም እኮ ደረቅ የሂሳብ ቃል ነው፤ ሰው እንደ ቁጥር ይቀነሳል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቃሉ አይጥመኝም። ቢሆንም «ተቀነሰች» ስንል የሚከተለው ጥያቄ «ማን ቀነሳት? ለምን?» የሚል ነው። «ተባረረች» ስንል ግን «ምን አጠፋች?» ይመጣል። የመጀመሪያውን የሚመልስ አሠሪው ነው። ሁለተኛውን ቢስቲማ ያለች እናት እንድትመልስ አናስገድዳት።