የላስታ ብርድ፣ ከሰልና ውዱእ



ብርድ ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታየን በር ዘግቶ እሳት መክበብ ነው። ወጣቶቻችን ግን ሌላ ነገር ይታያቸዋል። የግማሽ ዓመቱ ትምህርት ሲያበቃ ድንኳን ይዘን ወይም ሚኒባስ ተከራይተን ተራራ ላይ እንደር ይላሉ። በረዶ በሚከመርባቸው የውጭ አገር ተራሮች ቤተሰቦች ካራቫን የሚሉትን፣ አልጋና ምድጃ ያለውን ቤት ከመኪናቸው ኋላ አስረው እየጎተቱ ወጥተው ያድራሉ። እኛ አገር ተጎታች ሲባል የሚታወሰን የጭነት መኪና ነው። ድንኳኑና ሚኒባሱ ግን አለን፤ ብርዱም አለን። ሐሳቡን አንነቅፍም። የአላህን (ሱ.ወ) ፍጥረት ወጥቶ ማየት፣ ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር በጀማዓ መስገድ መልካም ነው። በዚህ ወር ልናነሣ የፈለግነው ሌሊቱን እንዴት አድረን በሰላም ሱብሒ እንደምንደርስ ነው።

ለምሳሌ ላስታን እንውሰድ። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከአጠገቧ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ወደ 4,260 ሜትር ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ከተማው ውስጥ ሹራብ የበቃው ሰው ተራራው አናት ላይ አሥራ አንድ ዲግሪ ያህል የባሰ ብርድ ይጠብቀዋል። ጅብራው፣ የጓሳው ሣር፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ያሉት እዚያ ነው፤ ወጣቶችን የሚስባቸውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በኪታቦች ውስጥ «ሺታእ» የሚለውን የዐረብኛ ቃል «ክረምት» ብለን እንተረጉማለን። የዐረቦቹ ሺታእ ግን የብርድ ወቅት ነው። የእኛ ክረምት የዝናብ ወቅት ሲሆን፣ ደመናው እንደ ጋቢ ስለሚሸፍን ሌሊቱ ያን ያህል አይከፋም። የደጋው እውነተኛ ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የበጋ ወቅት ነው። ቀን የሞቀው መሬት ማታ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ይለቅና ሲነጋ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ይገኛል። ስለዚህ «በጋ ነው» ብሎ በስስ ልብስ የሚወጣ ሰው ይቸገራል። የአገራችን ከፍታዎች ብርድ በጥንቱም ዘመን የታወቀ ነው። በአዱሊስ ወደብ ቆሞ የነበረና በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት አመዳይ በሰሜን ተራሮች እንደነበረ ይናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ተራራ ላይ ያደረን ሰው ብርድ ብቻ አይደለም የሚገድለው። ብርዱን ለመሸሽ ወደ ድንኳን ያስገባው የከሰል ማንደጃ ከብርዱ ይበልጥ ፈጣን ነው።

«አባቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን እሳት አጠገብ ተኝተው የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ተኝተዋል። የደጋው ሰው ጎጆ ግን ይተነፍሳል። ጭሱ በሣር ክዳኑ እየሾለከ ይወጣል፤ ነፋሱም በበሩና በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። በዚያ ላይ እንጨት ሲነድ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ካልሆነም ሰውን ያስወጣል። የላስታ ሰው ዓይኑ እያለቀሰ በሕይወት ኖሯል ማለት ይቻላል። የጎጆው ጭስ ለሳንባ ጥሩ ነው ማለታችን አይደለም፤ ቢያንስ ግን ያስጠነቅቅ ነበር።

የላስቲክ ድንኳንና መስኮቱ የተዘጋ መኪና አይተነፍሱም። የፋመ ከሰል ደግሞ ጭስ የለውም፤ ቀይ ሆኖ ያምራል፣ ይሞቃል፣ እንቅልፍም ያመጣል። ከእርሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው አየር ቀለምም ሽታም የለውም። በሳንባ ገብቶ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን የደማችንን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይመጣል። የተኛ ሰው ግን ይህንንም ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል። በከተማም ቡና ተፈልቶበት፣ ለማሞቂያ ተብሎ መኝታ ቤት በገባ ማንደጃ የአንድ ቤት ሰዎች ታፍነው አደሩ ሲባል ደጋግመን ሰምተናል። የሚኒባስ ሞተር አስነሥቶ መተኛትም ያው ነው፤ የጭስ ማውጫው ከተቀደደ ወይም ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ካራቫን የሚጎትቱት አገሮችም ከዚህ አላመለጡም፤ ይህን አየር የሚያሸት የማስጠንቀቂያ ደወል ተጎታች ቤቶቻቸው ውስጥ የሚሰቅሉት ለዚሁ ነው።

ተራራ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በ4,260 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በመቶ 60 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሰውነት ቀድሞውንም በኦክስጅን እጥረት ላይ ነው። ከፍታውም ራሱ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ስለዚህ በከሰል የታመመው ልጅ «ተራራው ነው፣ ሲነጋ ይለቀዋል» ተብሎ ይተዋል። ሁለቱን በቀላሉ መለየት አይቻልም፤ መለየትም አያስፈልግም። ድንኳን ውስጥ ራሱን የታመመውን ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ እሳቱን ማስወገድ፣ ካልተሻለው ሳይነጋም ቢሆን ወደ ታች ማውረድና ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው። ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሽተት አየርን አይተካም። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ቶሎ ይጎዳሉ።

በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ ተቃጠለ፤ ወሬው ለነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በደረሳቸው ጊዜ እሳት ጠላት መሆኑን ነግረው፣ በምንተኛበት ጊዜ እንድናጠፋው አዘዙ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማንም ሳያውቅ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ቡናው ከተጠጣ በኋላ ፍሙን ከድንኳኑ ርቆ በአፈር መቅበር ይህን ትእዛዝ መፈጸም ነው።

«እሳቱ ከጠፋ የሱብሒ ውዱእስ?» የሚለው የእናቶች ጥያቄ ተገቢ ነው። ውኃውን ማታ አሙቆ በፔርሙስ መያዝ ቀላሉ መንገድ ነው። ማሞቅ የሚችል ሰው ብርድን ምክንያት አድርጎ ወደ ተየሙም መሄድ የለበትም። ማሞቂያ አጥቶ፣ ውኃውም ሊጎዳው ይችላል ብሎ በእውነት የሚፈራ ግን ዲኑ አላጠበበበትም። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ ላይ በብርዳማ ሌሊት ጀናባ ሆነው አደሩ። ቢታጠቡ እንደሚሞቱ ፈርተው በተየሙም ጓደኞቻቸውን ሱብሒ አሰገዱ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቋቸው ጊዜ፣ አላህ ራሳችንን እንዳንገድል በሱረቱ ኒሳእ የከለከለውን አንቀጽ አስታወሱ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሳቁ፤ ምንም አላሉም። በአንጻሩ ራሱ የቆሰለ ሰው ባልደረቦቹ «ፈቃድ የለህም» ብለውት ታጥቦ በሞተ ጊዜ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእነዚያ ሰዎች ላይ እጅግ ተቆጥተዋል። ሁለቱንም አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ታዳጊውን በበረዶ ውኃ ታጠብ እያሉ ማስገደድን ተቅዋ የሚመስላቸው ወላጆች እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ያንብቧቸው።

ሲነጋ አፈሩ በውርጭ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። በሐነፊ መዝሀብ ድንጋዩም ለተየሙም ይበቃል፤ ሻፊዒዮች ግን አቧራ ያለው አፈር ስለሚሹ፣ ማታ ደረቅ አፈር በፌስታል ቋጥሮ ማሳደር ይጠቅማል። ውዱእ አሟልቶ ኹፍ ያጠለቀ መንገደኛ ደግሞ ሦስት ቀንና ሌሊት እግሩን ሳያጥብ በላዩ ማበስ ይችላል። በስስ ካልሲ ላይ ኡለማዎች ስለሚለያዩ ኡስታዛችሁን ጠይቁ።

ስለ ልብስና ስንቅ ብዙ አንልም፤ የወሎ እናት ታውቀዋለች። ከታች መነጠፍ ያለበት ከላይ ከሚደረበው እንደማይተናነስ ብቻ እናስታውስ፤ መሬቱ ከአየሩ ይልቅ ሙቀት ይሰርቃልና። በሶና ቆሎ ያለ እሳት ይበላሉ።

መንገዱ ከወልድያ በጋሸና ይታጠፋል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ጉዞው እንደ ቀድሞው አልሆነም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። «አትምጡ» ካላችሁ ድንኳኑን ለሌላ ዓመት አኑሩት። ክርስቲያን የሆነው የላስታ ገበሬ ለእንግዳ እውነቱን አይደብቅም፤ ቢመሽባችሁም ቤቱን አይነፍጋችሁም።

ለሱብሒ የምትቆሙትም ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ከላስታ ቂብላው፣ ወደ ምሥራቅ አምስት ዲግሪ ያህል ዘንበል ከማለቱ በቀር፣ ቀጥታ ሰሜን ነው። መካ ከዚያ ተራራ በሰማይ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም።