የሪፈራል ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ብሩ ግን ከየት ነው የሚመጣው?

«1,000 ብር አስገባ፣ በየቀኑ 30 ብር ይከፈልሃል። ሰው ከጋበዝክ 10 በመቶ፣ እሱ ሌላ ከጋበዘ 5 በመቶ፣ ያም ከጋበዘ 3 በመቶ ታገኛለህ።»

የአፑ ስምና ቁጥሩ ይቀያየራል እንጂ እንዲህ ያለ መልእክት በቴሌግራም ያልደረሰው ወጣት ጥቂት ነው። ላኪውም ብዙ ጊዜ የማናውቀው ሰው አይደለም፤ የአክስት ልጅ ወይ የድሮ የክፍል ጓደኛ ነው።

«አትግቡ፣ ሌቦች ናቸው» የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል። ችግሩ ግን ምክሩን የሰማ ሰው አፑን ሲከፍት ሌላ ነገር ያያል። ቁጥሩ ይጨምራል፣ የጋበዘው ሰው ስም ይታያል፣ የመጀመሪያው ክፍያም ስልኩ ላይ ይገባል። «ውሸት ቢሆን እንዴት ይከፍለኝ ነበር?» ይላል። ስለዚህ ዛሬ ስድቡን ትተን ከአፑ ጀርባ ያለውን ዳታቤዝ እንየው።

ዳታቤዙ ውስጥ ምን አለ?

በዋናነት ሁለት ሰንጠረዥ ይበቃል። አንደኛው የሰዎች ነው፤ በእያንዳንዱ ረድፍ የአንድ ሰው መለያ ቁጥር፣ ስልክና አንድ ወሳኝ አምድ አለ፦ «ማን ጋበዘው?» ሁለተኛው የገንዘብ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ስንት አስገባ፣ ስንትስ ወጣለት።

ለምሳሌ ከድጃ ሰይድን ጋበዘች፣ ሰይድ አልማዝን፣ አልማዝ ደግሞ ኑሩን። ኑሩ 1,000 ብር ሲያስገባ ሲስተሙ «ማን ጋበዘው?» የሚለውን እየተከተለ ሦስት ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ለአልማዝ 100፣ ለሰይድ 50፣ ለከድጃ 30 ብር ይጽፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኮድ በደንብ የጀመረ ልጅ በጥቂት ቀን ይሰራዋል።

ሒሳቡ ላይ ስህተት የለም። ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው፤ ድምሩ ትክክል ስለሆነ ብሩም ያለ ይመስለዋል። ስክሪኑ ላይ የምናየው ግን አንድ ሰው ሰንጠረዥ ላይ የጻፈው ቁጥር ነው። ካዝናው ውስጥ ምን እንዳለ አይነግረንም።

አሁን ሒሳቡን እንጨርሰው

ከኑሩ 1,000 ብር ላይ 180 ብር ለጋባዦች ሄደ። 820 ብር ቀረ። ባለቤቱ አንድ ሳንቲም አልነካም እንበል። ለኑሩ በቀን 30 ብር ሲከፈለው 820ው ብር በ28ኛው ቀን ያልቃል። እስከዚያ ድረስ ኑሩ «ትርፍ» እያለ የበላው የራሱን ብር ነው፤ ያስገባውን እንኳ ገና አልመለሰም። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው እያንዳንዱ ብር ከሌላ አዲስ ገቢ ኪስ የሚወጣ ነው።

አዲስ ሰው ደግሞ ያልቃል። እያንዳንዱ ሰው 5 ሰው ቢጋብዝ በ6ኛው ዙር 15,625፣ በ9ኛው 1,953,125፣ በ12ኛው 244,140,625 ሰው ያስፈልጋል። ይሄ ከመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ይበልጣል። በየትኛውም ዙር ላይ ቢቆም ደግሞ ከ10 ሰው 8ቱ የመጨረሻው መስመር ላይ ናቸው፤ ማለትም ገና ማንንም ያልጋበዙ።

ሰው ማምጣት በራሱ ነውር አይደለም

እኛ አካባቢ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ ቅፍለት የሚራገፍባት፣ ዓርብ ዓርብ ትልቅ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ነበረች። አሞሌ ጨው ከቆላ ይመጣል፣ ቡናና ጨርቅ ይሸጣል ይለወጣል። ዛሬም ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚያሻሽጥ ደላላ ገዢና ሻጭ አገናኝቶ ድርሻውን ይወስዳል። ድርሻው ከየት መጣ? ከሽንኩርቱ። ሽንኩርት ካልተሸጠ ኮሚሽን የለም። ገዢው ነገ ጓደኛውን ይዞ ቢመጣም ደላላው በጓደኛው ጓደኛ ላይ 3 በመቶ አይጠይቅም።

እቁብንም ተመልከቱ። 20 ሰው በየዙሩ 1,000 ብር ቢጥል፣ በ20 ዙር እያንዳንዱ 20,000 ይጥላል፣ 20,000 ይወስዳል። ማንም «አተርፋለሁ» አይልም፤ አዲስ ሰው ባይመጣም መዝገቡ ይዘጋል። የፒራሚድ መዝገብ ግን አዲስ ሰው ካልመጣ በፍጹም አይዘጋም። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው።

ዓለም ላይም እኛም ጋ ሆኗል

«ዋንኮይን» የሚባለው ድርጅት በዓለም ዙሪያ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበው በደረጃ በደረጃ ኮሚሽን ነበር። ብሎክቼይን ያለው ዲጂታል ገንዘብ ነው ተብሎ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዮርን ብየርኬ የተባለ የኖርዌይ ባለሙያ ብሎክቼይን እንዲሰራላቸው ጥሩ ደሞዝ፣ ቤትና መኪና ቀረበለት። ለካ እስከዚያ የነበራቸው ተራ ዳታቤዝ ኖሯል። ስራውን እምቢ ብሎ ነገሩን አደባባይ አወጣው። መሥራቿ ሩጃ ኢግናቶቫ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የገባችበት አይታወቅም።

እኛ ጋ ደግሞ «ፊያስ 777»ን የሚረሳ የለም። ብር ያስገቡና ሰው የጋበዙ ብዙ ወጣቶች ገንዘባቸውን ማውጣት ሳይችሉ ቀርተዋል።

ሕጉም ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ፒራሚድን ይከለክላል። ገንዘብ አዋጣ፣ በአንተ በኩል በሚገቡት ሰዎች ብዛት ትሸለማለህ እያለ ሸማቹን የሚያሳስት የሽያጭ ዘዴ ማለት ነው። ከሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ መሰብሰብም የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይፈልጋል።

ኮድ ለምትማሩ ልጆች

የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ከገጠር ከተማ ሳይቀር ኮድ የሚሞክር ወጣት በዝቷል። አንድ ቀን አንዱ መጥቶ «ባለ ሦስት ደረጃ ሪፈራል ያለው አፕ ስራልኝ» ሊል ይችላል። ከመቀበላችሁ በፊት አንድ አምድ ጨምሩ፦ «ይህ ሽልማት ከየትኛው ሽያጭ ነው የወጣው?» ሱቅ ወይም ትራንስፖርት የሚሰራ ድርጅት ከሆነ አምዱ ይሞላል፣ ሽልማቱም ከትርፉ አይበልጥም። አምዱ ውስጥ የሚገባው «ከአዲስ ተመዝጋቢ» ብቻ ከሆነ ግን የምትሰሩት ፒራሚድ ነው።

ሊንኩ የደረሳችሁ ደግሞ ይህን ጠይቁ፦

1. ዛሬ ግብዣ ቢቆም ነገ የሚከፈለኝ ከምን ይሆናል?
2. ብሩን የምልከው ፈቃድ ላለው ድርጅት ነው ወይስ ለአንድ ግለሰብ ቁጥር?
3. የዕለቱን 30 ብር ብቻ ሳይሆን ያስገባሁትን ዋናውን ሙሉውን ማውጣት እችላለሁ?

ገብታችሁ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ሰው አትጋብዙ። ደረሰኝና ስክሪንሹት አስቀምጡ፣ የጋበዛችኋቸውንም እንዳይጨምሩ ንገሯቸው፣ ገንዘቡ ከተያዘ ለፖሊስ አመልክቱ።

እንደ አሊዩ አምባ ባለ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አፑ ሲዘጋ ባለቤቱን የሚያውቀው የለም። «ማን ጋበዘው?» የሚለው አምድ ላይ ያለው ስም ግን የእናንተ ነው፤ ኑሩ ብሩን ሊጠይቅ የሚመጣው አልማዝ ቤት ነው።