ባሕሩ የሚጠይቀው ካሳ

ወደብ የአገር ሀብት መሆኑ አያከራክርም። መርከብ ሲመጣ ንግድ ይስፋፋል፤ ሥራም ይገኛል። ይሁንና ትልቅ መርከብ ጥልቅ ውሃ ይሻል። ጥልቅ ውሃ በሌለበት ስፍራ የባሕሩ ወለል በመሣሪያ እየተቆፈረ ደለሉ ይወጣል። የቁፋሮው ትርፍ በወደቡ መዝገብ ላይ ወዲያውኑ ሲሰፍር፣ ጉዳቱ ግን በውሃ ተሸፍኖ ስለሚቀር ብዙ ጊዜ አስታዋሽ አያገኝም።

ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው በሰሜናዊው የኬንያ ጠረፍ የሚገኘው የላሙ ወደብ ነው። ላሙን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር ለሚያገናኘው የመጓጓዣ መስመር መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር። በማንዳ ሰላጤ ከተሠሩት ሦስት የመርከብ ማቆሚያዎች የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀመረ። በኬንያ ካለው የማንግሮቭ ደን ከግማሽ የሚበልጠው በላሙ አካባቢ ይገኛል። ማንግሮቭ በጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ሥሩ ደለል ይይዛል፣ ማዕበል ያበርዳል፣ ለዓሣ ጫጩትና ለሸርጣን መጠለያ ይሆናል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ የሚበቅለው የባሕር ሣር ደግሞ የዓሣ መሰማሪያ ነው። ወለሉ ሲቆፈር ሣሩ ከነሥሩ ይነቀላል። የተበጠበጠው ደለልም ውሃውን አደፍርሶ የፀሐይ ብርሃን ስለሚጋርድ፣ ከቁፋሮው ራቅ ብሎ ያለው ሣር ሳይቀር ይጎዳል።

የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች አቤቱታቸውን አቀረቡ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ፈረደ። አንዳንድ ሰዎች፣ «ካሳ ከተፈረደ ሌላ ምን ይፈለጋል?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ገንዘብ የአጥማጁን ጓዳ ለጊዜው ይደጉም እንደሆነ እንጂ የባሕሩን ሣር አያበቅልም። ልጁም መረቡን ይዞ ሲወጣ የሚያገኘው ባዶ ውሃ ከሆነ፣ ካሳው ለአንድ ትውልድ ብቻ የተከፈለ ይሆናል። ስለሆነም ሰው እንደ ተካሰ ሁሉ ባሕሩም ሊካስ ይገባዋል።

የባሕሩ ካሳ ጥገና ነው። ጉዳቱን ሳይመዝኑ ጥገና መጀመር ግን በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ይቆጠራል። የተቆፈረውን ስፍራ ካልተቆፈረው ጎረቤቱ ጋር ማነጻጸር፣ የውሃውን ጥራት፣ የሣሩን ስፋትና የዓሣውን ዓይነት በየጊዜው መመዝገብ ያስፈልጋል። የቀድሞው ሁኔታ በጽሑፍ ያልሰፈረ እንደሆነም፣ ዕድሜያቸውን በዚያ ውሃ ላይ ያሳለፉ አዛውንት አጥማጆች ሊጠየቁ ይገባል።

ችግኝ መትከል ብቻውንም ጥገና አይባልም። ማንግሮቭ የሚኖረው በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ከሚለው ውሃ ጋር ተስማምቶ ነው። እጅግ ዝቅ ባለ ጭቃ ላይ የተተከለ ችግኝ በውሃ ታፍኖ ይሞታል። በመሆኑም በደለል የተዘጋ የውሃ መተላለፊያ ካለ አስቀድሞ መከፈት አለበት። ውሃው እንደ ቀድሞው መመላለስ ከቻለና በአቅራቢያው ደን ካለ፣ ዘሩ ተንሳፍፎ መጥቶ ራሱ ሊበቅል ይችላል።

በዕቅዱ መሠረት የላሙ የመርከብ ማቆሚያዎች ቁጥር እስከ 32 ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ቀሪዎቹ ከመሠራታቸው በፊት የባሕሩ ይዞታ ተጠንቶ መመዝገቡና የጥገናው ወጪ ከግንባታው ሒሳብ ጋር አብሮ መታሰቡ ተገቢ ነው። መስመሩ የኢትዮጵያን ንግድ እንዲያገለግል ጭምር የታቀደ በመሆኑ፣ ጉዳዩ የኬንያ አጥማጆች ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በወደቡ የሚጠቀም ሁሉ የወደቡን ዕዳም ሊያውቅ ይገባል። የጠፋውን መልሶ ማልማት ብዙ ድካምና ረጅም ዘመን ይጠይቃል፤ ያለውን መጠበቅ ግን ይቀላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውም ስለዚህ ነው።